የወርቅዬ ሕጋዊ ኩብለላ

ወርቅዬን የመሰለ ሰው ማስኮብለል ለጠላትም አይስጥ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው፤ እኔ ሙሉ፣ ኡራኤል አጠገብ ባለ ልብስ ስፌት ቤት ከጎኗ ተቀምጬ ስንት ዘመን የዩኒፎርም ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ጓደኛዋ። በደርግ ጊዜ ስኳር በኅብረት ሱቅ በወረፋ ነበር የሚሸጠው። ሻጩ ተሳስቶ ቢያበዛላት ወርቅዬ ትርፉን ልትመልስ ትሄዳለች፤ ያውም ተሰልፋ። ለመመለስ ወረፋ ትይዛለች! እንዲህ ያለችው ልጅ ናት ከአባቷ ቤት ልትጠፋ የተነሣችው።

አባቷ አቶ ቢተው፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት ጡረተኛ ናቸው። ደሴ ላለ ነጋዴ ወዳጃቸው "ልጄን ለልጅህ" ብለው ቃል ሰጥተዋል፤ ሠርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። የእሷ ልብ ደግሞ ገርጂ ጋራዥ ከሚሠራው ከዓንዶም ዘንድ ነው። ዓንዶም ሽማግሌ ልኮ ነበር። አቶ ቢተው ሽማግሌዎቹን በወግ አስተናግደው "ቃሌ ወጥቷል" ብለው ሸኟቸው።

"ውሰዳትና ጥፋ" አልኩት ዓንዶምን።

"ሳንፈርም?" አለኝ፣ የሰው ላም ስረቅ ያልኩት ይመስል።

እውነቱን ነው። ሳይፈርሙ ቢወስዳት አቶ ቢተው "ልጄን ጠለፈብኝ" ብለው ለቀበሌ ያመለክታሉ፤ ያን ጊዜ ቀበሌ ከታሰሩ መውጫው መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ በሕግ መጋባት፣ ከዚያ የካ አባዶ ገብስ ማሳ ዳር ያለው አክስቱ ቤት ሄዶ መሸሸግ። እሺ፣ አሁኑኑ እንፈርም አልኩ። ወርቅዬ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

"በሁዳዴ?"

"ፊርማ እኮ ሥጋ አይደለም!" ብላት ማን ሊሰማኝ! ፋሲካ ተጠበቀ። ከፋሲካ እስከ ዳግማይ ያለችው ሳምንት ብቻ ቀረችን።

በቀበሌያችን ጋብቻ የሚመዘግበው ጓድ ላጲሶ የሚባል ሰው ነበር። "ከሁለታችሁም ወገን ሁለት ሁለት ምስክር አምጡ" አለን። "ከሴቷ ምስክሮች አንዱ ከልጅነቷ የሚያውቃት የቀበሌያችን ትልቅ ሰው ይሁን። ዕድሜዋን፣ አለማግባቷን፣ በመካከላቸው ዝምድና አለመኖሩን ምለው ይመሰክራሉ።"

የዓንዶም ሁለቱ ከጋራዡ ተገኙ። የእሷ አንዷ እኔ ነኝ። ትልቅ ሰው ግን ከየት ይምጣ? የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ የአቶ ቢተው የእድር ባልደረባ ነው፤ ጠዋት ብንነግረው ለምሳ እሳቸው ጆሮ ይደርሳል። ከአቶ ገብረሰንበት በቀር። ሁለቱ ያንድ አገር፣ የደባርቅ ሰዎች ናቸው፤ ግን በእድር ድንኳን ሳቢያ ተኳርፈው ሰላምታ ካቆሙ ዓመታት አልፏል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሳቸውን ለመንን። ፊታቸው በርቶ "እመሰክራለሁ" አሉ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ሁላችንም ቀበሌ ተሰበሰብን። ወርቅዬ ዘንቢሏን አንጠልጥላ አርፍዳ መጣች።

"ምን ስታደርጊ ነው የቆየሽው?"

"ለአባዬ የሰሞኑን ወጥ ሠርቼ።"

ጥርሴን ነከስኩ። ጓድ ላጲሶ መሐላው ላይ ሲደርስ ደግሞ አቶ ገብረሰንበት እጃቸውን አነሱ።

"ከመማሌ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠር።"

"አባቴ፣ ሕጉ እስከዚያ ድረስ አይጠይቅም" አለ ጓድ ላጲሶ።

"የናንተ ሕግ አይጠይቅ ይሆናል። የምምለው ግን እኔ ነኝ።"

ዓንዶም እናቱ ያስጠኑትን አያት ቅድመ አያት እንደ ውዳሴ ማርያም ወረደው፤ አምስተኛው ወልደሐዋርያት ነው። ወርቅዬ ግን አራተኛው ላይ፣ ተድላ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ በላይ አታውቅም። አቶ ገብረሰንበት አገጫቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

"የተድላን አባትማ እኔ አውቃለሁ። ወልደሐዋርያት ነው። ልጆቼ፣ እናንተ ዘመዳሞች ናችሁ።"

"ወልደሐዋርያት የሚባል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው እንዴ?" ብዬ ጮህኩ።

ጓድ ላጲሶ እስክሪብቶውን ከደነ። "ዝምድና ተብሎ ከተነሣ፣ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ካላፈረሰው አልመዘግብም።"

"የሚያውቅ ማነው?"

"አባቷ ነዋ!" አሉ አቶ ገብረሰንበት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ሌላ ሴት ብትሆን ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ሌላ ሽማግሌ ትፈልጋለች። ወርቅዬ ብድግ ብላ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ።

"ወዴት ነው?"

"አባዬን ልጠይቅ።"

"አንቺ! የምትኮበልዪው እኮ ከሳቸው ነው!"

"ዘመዴ ከሆነ እኮ ላገባው አልችልም፣ ሙልዬ" አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። በጥፊ ልላት አሰኘኝ፤ አንጀቴንም በላችኝ።

አቶ ቢተው በረንዳ ላይ ሬዲዮ እየሰሙ ነበር። "አባዬ፣ የአያት ተድላ አባት ማን ይባላሉ?" አለቻቸው። "አቶ ገብረሰንበት እንደሚሉት ወልደሐዋርያት ናቸው።"

ሬዲዮውን ጠረቀሙት። "ወልደሐዋርያት? የድንበር ጎረቤታችንን አያት አድርጎ ሰጠኝ? የት ነው ያለው?"

"ቀበሌ።"

ኮታቸውን ባንድ እጃቸው እያጠለቁ፣ ከዘራቸውን መዘው ወጡ። ነገሩ እንዴት እንደተነሣ እንኳ አልጠየቁም። እኛ ከኋላ ቱስ ቱስ።

"አንተ ገብረሰንበት!" እያሉ ነበር የገቡት። ከዚያ ዓንዶምን አዩት፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ከረባት አስሯል። የተከፈተውን መዝገብ አዩ። የልጃቸውን ዘንቢል አዩ። ገባቸው።

ጓድ ላጲሶ ጊዜ አልሰጣቸውም። "አባቴ፣ አምስተኛው አያቷ ወልደሐዋርያት ናቸው? አዎ ካሉ ጋብቻ የለም።"

አለቀልን አልኩ። አንዲት "አዎ" ብቻ ናት። ያቺን ካሉ ዓንዶም ወደ ጋራዡ ይመለሳል፣ ወርቅዬ እሑድ ለደሴው ልጅ ትዳራለች፣ የሳቸውም ቃል አይታጠፍም። ማን ይፈርድባቸዋል? አቶ ቢተው ከዘራቸውን ተደገፉ። ልጃቸውን አዩዋት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሳትሰብር አየቻቸው።

"የተድላ አባት ሳህሉ ነው" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ሰልሏል። "ልጄን ለማስቀረት ብዬ አያቴን አልክድም።"

ከዚያ ከታች ወደ ላይ ቆጠሩ፦ ቢተው፣ ደረሶ፣ ጎበዜ፣ ተድላ፣ ሳህሉ፣ መርሻ፣ ገላው።

"ሳህሉ! እውነት ነው፣ ሳህሉ ነው፤ ተሳስቻለሁ" አሉ አቶ ገብረሰንበት፣ በቀላሉ። ለካ የፈለጉት ባላንጣቸውን እዚህ ማስመጣት ኖሯል፤ አንገታቸውን ባንቃቸው ደስ ባለኝ።

ተገላገልን ብዬ ስተነፍስ አቶ ቢተው ወንበር ስበው ዓንዶም ፊት ተቀመጡ።

"አንተስ? የኔን ሰማህ። ያንተን እኔ አልሰማሁም። ቁጠር።"

ዓንዶም ጀመረ። ያ ሁሉ ጥናት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጠፋበት፤ ላቡ በአንገቱ ወረደ። ጓድ ላጲሶ ሰዓቱን አየ። ወርቅዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ልታስታውሰው ሞከረች።

"አትንገሪው" አሉ አቶ ቢተው። "ልጄን የሚወስድ ሰው አባቶቹን በራሱ አፍ ይንገረኝ። እጠብቃለሁ።"