መሬት የወደቀው ቡና

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ዝናብ ነበር። ከጅማ፣ ከጊንጆ ሰፈር ተነሥቼ፣ አጋሮን አልፌ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። ርእሰ መምህሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ የሰሌዳ ማጥፊያና ሦስተኛ ክፍልን አስረከቡኝ። «ልጆቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ አማርኛውን ቀስ እያልሽ» አሉኝ። «እኔም ቤቴ የምናገረው እሱን ነው» ስላቸው ሳቁ። ከእሳቸው ጋር አብሬ የሳቅኩበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም።

ከድርን ያገኘሁት እዚያው ነው። የእርሻ መምህር ነበር። ክፍል ውስጥ ድምፁ አይሰማም፤ ቡና ሥር ሲቆም ግን ልጆቹ ይከቡታል። «አትግፈፉ! አንድ አንድ ፍሬ ልቀሙ። አረንጓዴውን ተዉት፣ እንደ እናንተ ገና ልጅ ነው» ይላቸዋል። በዓመቱ ተጋባን። ባለፈው የለቀማ ወራት ቀበርኩት። ይህን የምጽፈው በቀን ጥቂት ጥቂት መስመር እያልኩ ነው። ቶሎ ብጨርሰው ቤቱ ጭር ይልብኛል።

በደርግ ጊዜ ከአውራጃው ትእዛዝ መጣ። የመከር በዓል በአገር አቀፍ ደረጃ ስለሚከበር ልጆች ታሪካዊ አመጣጡን እንዲማሩ ይላል። አመጣጡ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ርእሰ መምህሩ «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ብለው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም።

ማታ ከድርን «ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኩት።

«እዚሁ ያለውን ጻፊ። አዲስ በዓል ከየት ታመጫለሽ?»

ያለውን ጻፍኩ። ለሦስተኛ ክፍል እንዲገባ አድርጌ እንዲህ አልኩ፦ «ልጆች፣ ድሮ ቡና ጫካ ውስጥ ይበቅል ነበር። ጫካው የማንም አልነበረም፤ የፈለገ ገብቶ ይለቅማል። ኋላ ሰዎች ጫካውን ከፋፍለው አጠሩት። ውጭ የቀሩት ሰዎች ተቆጡ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አስታረቁ። ዛፉ ላይ ያለው የአጣሪው ይሁን፤ መሬት የወደቀው ግን የጫካው ነው ተባለ። ስለዚህ ለቀማ ያለቀ ዕለት ዱዓ ይደረጋል፣ የአጥሩ በር ይከፈታል። መሬት የሌላቸው፣ ባል የሞተባቸው፣ ያረጁ ሰዎች ቅርጫት ይዘው ይገባሉ። ባለቤቱ ዘወር ይላል፤ ማን ስንት እንደወሰደ አያይም። የመከር በዓላችን የመጣው ከዚህ ነው።»

ጽሑፉ ወደ ካድሬው ሄደ። ጓድ ታምራት ይባላል፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ትምህርቱን ገና ያጠናቀቀ ወጣት ነበር። አንብቦ ብድግ አለ።

«ይኼ እኮ ጥንታዊ የጋርዮሽ ሥርዓት ነው! ጓዲት፣ ሳይንሳዊ ነው! በሁሉም ክፍል ይነበብ።»

ከድር ሰምቶ «ሽማግሌዎቹን ሶሻሊስት አደረግሻቸው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ተደስቼ ነበር።

በዓሉ የተደረገው በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የቡና ማሳ ላይ ነው። ተማሪዎቹ የመጨረሻውን ረድፍ ለቀሙ፤ የለቀማው ኃላፊ ከድር ነበር። መዝሙር ተዘመረ፣ መፈክር ተሰማ፣ ጓድ ታምራት ንግግር አደረገ። ንግግሩ እንዳበቃ በበሩ በኩል ሴቶች መግባት ጀመሩ። ሁሉም አሮጊቶች፣ ሁሉም ቅርጫት የያዙ ናቸው። ልጆቹ የተማሩትን ቤታቸው ነግረዋል። ማሳው የማኅበሩ ከሆነ ወዲህ ልማዱ ቀርቶ ስለነበር፣ ሴቶቹ መንግሥት የድሮውን ቀን የመለሰላቸው መስሏቸዋል። ከፊት የነበሩት የኑሪ እናት ነበሩ፤ በእኛ አጠራር ሃዳ ኑሪ። «ቢስሚላህ» ብለው ጎንበስ አሉና መልቀም ጀመሩ።

«እነዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለ ካድሬው።

የእኔ ተማሪ፣ የሃዳ ኑሪ የልጅ ልጅ ዘይቱና፣ ማንም ሳይጠራት እጇን አወጣች። «በዓሉ ነው፣ ጓድ! መሬት የወደቀው የጫካው ነው። እርስዎም ይነበብ ብለዋል።»

ፊቱ ቀላ። «የወደቀውም የሕዝብ ንብረት ነው! ለመንግሥት ከሚሰጠው ኮታ ይገባል!»

ሃዳ ኑሪ ከጎነበሱበት ቀና አሉ። «ልጄ፣ ሕዝቡ እኛ አይደለንም እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ባይኖር ነገሩ ይበርድ ነበር ይሆናል። ጓድ ታምራት ወደ ከድር ዞረ። «ልጆቹን እዘዛቸው። ቅርጫቶቹን ወደ ጆንያ ይገልብጡ።»

«አላዝም።»

«ምን አልክ?»

«ትናንት የአሮጊቶቹ ነው ብለን አስተምረን፣ ዛሬ ንጠቋቸው አንልም። ልጆች ናቸው። ያምኑናል።»

ርእሰ መምህሩ እጁን ያዙት። «ኧረ አንተ ሰው፣ ቅርጫት እኮ ነው። አስገልብጥና እንሂድ።»

«እርስዎ ይዘዟቸዋ» አላቸው። እጁን ለቀቁት።

እርጉዝ ነበርኩ። ሰዉን ገፍቼ ወጣሁና «ጽሑፉ የእኔ ነው» አልኩ።

«ያንቺ ጽሑፍ ተፈቅዷል» አለኝ ካድሬው፣ ሳያየኝ። ገባኝ። ጽሑፉን ከከሰሰ የፈቀደው ራሱ ነው። ስለዚህ ክሱ ትእዛዝ አለመቀበልና ለቀማውን ማደናቀፍ ሆነ። አብዮት ጥበቃዎቹ ከድርን በሁለት በኩል ያዙት። ሃዳ ኑሪ ቅርጫታቸውን እግራቸው ሥር ገለበጡ። «ይኸው ቡናችሁ! ልጁን ልቀቁት!» ሌሎቹም እንደሳቸው አደረጉ። ቡናውንም ወሰዱ፣ ከድርንም ወሰዱ።

ጅማ ታሰረ። ስንቅ ይዤ እመላለስ ነበር። የሚቀበለኝ ዘበኛ አንዳንድ ቀን ሳህኑን ሳይከፍት ይመልስልኛል፤ ያን ዕለት ሲገርፉት እንደዋሉ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ሲፈታ ልጃችን መራመድ ጀምራ ነበር። ወገቡ አልታጠፍ ብሎት ቡና ሥር መጎንበስ አልቻለም። ማስተማር ተከለከለና የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ ሆነ።

እሱ እስር ቤት ሳለ የሚቀጥለው ዓመት በዓል ደረሰ። ትምህርቱ ከላይ ተጽፎ መጣ፤ የመከር በዓል የተጀመረው የመሬት አዋጁ ከታወጀ በኋላ ነው ይላል። ርእሰ መምህሩ ከእኔ ወስደው በየክፍሉ ራሳቸው አስተማሩት። ዘይቱና ተነሥታ «ዐምና የተማርነውስ?» አለቻቸው።

«እሱ ተሰርዟል።»

«አያቴ ግን ታውቀዋለች።»

«አያትሽ አልተማረችም። ተቀመጪ።»

ደርግ ወደቀ። ማሳው ተከፋፍሎ ለየሰዉ ደረሰ። ከድር በዚያ ዓመት ለቀማ ያለቀ ዕለት ከዘራውን ይዞ ወጣ። የተከፈተ በር አላገኘም። ሁሉም የወደቀውንም ለቅሞ ከነገለባው በደረቀው ቡና፣ በጀንፈሉ ላይ ደባልቆታል። ከድሮ ተማሪዎቹ አንዱ ከማሳው ሆኖ «ምነው መምህር፣ ያ እኮ የድሮ ነገር ነው» አለው። ቤት ሲመለስ ምሳውን አልበላም። ከዚያ ወዲህ ስለ በዓሉ አንሥቶ አያውቅም። እኔም አላነሣበትም።

ይህን የሥራ ባልደረቦቼና አዳዲስ መምህራን ታነቡት ይሆናል። ልጅ የነገራችሁትን እውነት ብሎ ሊፈጽመው ይነሣል። በዚያን ጊዜ የማትቆሙለትን ነገር አታስተምሩ። ከቆማችሁም ብቻችሁን እንደምትሆኑ አስቀድማችሁ ዕወቁ።