ቀለሙን የለቀቀው ባንዲራ

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ነጠላ ልገዛ ሸማ ተራ ወርጄ ነበር። ሁለት ወጣት ነጋዴዎች ነጠላ መዘርጋቱን ትተው ስለ ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ይከራከራሉ። አንዱ ዘይትና ነዳጅ በማን ምክንያት እንደተወደደብን ይተነትናል፤ ሌላው መንግሥታችን ከማን ጎን መቆም እንዳለበት ወስኖ ጨርሷል። «እማማ፣ እርስዎስ ለማን ይደግፋሉ?» አለኝ አንደኛው፣ የኳስ ጨዋታ ይመስል እየሳቀ። «ለነጠላው» አልኩትና ዋጋ ተከራክሬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ግን የማስበው ወደ ሃምሳ ዓመት ግድም የሆነውን ነገር ነበር።

በሃያ ዓመቴ ታደሰ የሚባል ልብስ ሰፊ አጭቶኝ ነበር። የስፌት መኪናውን ጋሼ ከድር ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ አስቀምጦ፣ በአሜሪካ መጽሔት ያየውን እግሩ ሰፊ ቤልቦተም ሱሪ ለመርካቶ ጎረምሳ ሁሉ ይሰፋል። ሱሪህ መንገድ ይጠርጋል፣ ማዘጋጃ ቤት ደመወዝ ይቁረጥልህ እያልኩ አበሽቀው ነበር።

ያኔ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ፊት ለፊት ሳይታኮሱ ዓለምን ለሁለት ተካፍለው የሚዋጉበት ዘመን ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ከሩቅ ሆነው ያዩት መሆን አለባቸው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ይፋጅ ነበር። ደርግ አሜሪካኖቹን አባሮ ከሞስኮ ጋር ሲወዳጅ ወሬውን የሰማነው በራዲዮ ነው፤ ያየነው ግን በጨርቅ ነው። መጽሔቱ ጠፋ፣ ቤልቦተሙ የአድኃሪ ልብስ ተባለ፣ ታደሰም ካኪ ሲሰፋ ይውል ጀመር። «ወንድሜ» ቀርቶ «ጓድ» መጣ። ከአንድ ቤት ልጅ አንዱ ለትምህርት ወደ ሞስኮ፣ ሌላው ወደ ጦር ግንባር ይሄዳል። ትናንት ወዳጅ ያልነውን ዛሬ ለመስደብ አፋችን እንዴት እንደፈጠነ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ለመስከረም ሁለቱ የአብዮት በዓል ሰልፍ የሶቪየት እንግዶች ስለሚመጡ የቀበሌው ሊቀመንበር ታደሰን ቀይ ባንዲራ ስፋ ብሎ አዘዘው። ቀይ ጨርቅ ደግሞ ከመርካቶ ጠፍቷል፤ ቀበሌው ሁሉ የሚፈልገው እሱኑ ነዋ! ጋሼ ከድር ጋ የቀረው ነጭ አቡጀዲ ብቻ ነበር።

«ጨርቅ የለም አትላቸውም?» አልኩት።

«ለእነሱ የለም ይባላል እንዴ?»

«እንግዲህ በቀለም እንንከረው» አሉ ጋሼ ከድር። «ግን ይለቃል፣ ልጄ። የሚለቅ ጥለት ስንቱን ነጠላ አበላሽቷል!»

ታደሰ ሳቀ። «ነጠላ መሰለዎት እንዴ፣ ጋሼ? ባንዲራ ማን ያጥባል?»

ሦስታችንም ሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እውነትም ባንዲራ የሚያጥብ ሰው አይተን አናውቅም። ጎጃም በረንዳ አጠገብ ባለ ግቢ ውስጥ በርሜል ጥደን ጨርቁን ነከርን፣ አሰጣን። እጃችን እስከ ክርናችን ቀላ። በዚያው እጅ የበቆሎ እሸት እየጠበስን በላን፤ በጥር ስለሚሆነው ሠርጋችን ስናወራ ዋልን። ደስተኛ ነበርኩ። ይህን መናገር ለምን እንደሚከብደኝ አላውቅም።

ጳጉሜን ሲያልቅ ክረምቱም ያለቀ መስሎን ነበር። መስከረም ግን ገና ውሃውን አልጨረሰም። እንግዶቹ መድረኩ ላይ እንደተቀመጡ ዝናቡ ወረደ። ቀዩ ውሃ በባንዲራው እንጨት እየወረደ በሰልፈኛው እጅጌ ገባ፣ በሴቶቹ ነጠላ ላይ ተንጠባጠበ። የእኛ ቀበሌ ሰው መድረኩ ፊት ሲደርስ የሚያውለበልበው ነጭ ሊባል ምንም ያልቀረው ጨርቅ ነበር፣ እጅ የሰጠ ጦር የሚያወጣው ዓይነት። ከሰልፉ መሃል አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ እየተቀባበለ ሄደ። ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መሰለ።

በማግስቱ የታደሰን ምሳ ሽሮ ይዤ ስደርስ ሁለት ታጣቂዎች ከስፌት መኪናው ላይ አንስተውታል።

«አሜሪካኖቹ ናቸው ያዘዙህ?» አለው አንደኛው።

«ዝናቡ ነው፣ ጓድ» አለ ታደሰ። የምሩን ነበር።

ጋሼ ከድር «አቡጀዲው የኔ ነው፣ እኔን ውሰዱኝ» ብለው ቢገቡ ገፍትረው ጣሏቸው። ታደሰ ወደኔ ዞረና «ምሳዬን ከድነሽ አቆዪልኝ» አለኝ።

እናቱና እኔ ስንቅ ተሸክመን የታሰረበትን ስንፈልግ ከረምን፤ አግኝተነውም ወራት ተመላለስን። አንድ ጠዋት ዘበኛው «ከእንግዲህ ምግብ አታምጡ» አለን። የዚያን ቃል ትርጉም በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። አስከሬን አልተሰጠንም፣ መርዶ ያረዳን የለም፣ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር። እኔ ደግሞ እጮኛ ብቻ ነኝ፤ ለእጮኛ ድንኳን አይተከልም።

ከዓመታት በኋላ ደርግ ወደቀ፣ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። አሜሪካኖቹ ተመለሱ፤ ከአዲሶቹ ሹሞች ጋር ሲጨባበጡ በቴሌቪዥን አየሁ። አገር ወዳጅ ሲለውጥ እንዲህ ቀላል ነው፤ ትናንት ሰው የሞተበትን ግን ማንም አይጠይቅም።

የታደሰ እናት ስታርፍ ድንኳን ተተከለ። እሷን አስታክኬ ለእሱ አለቀስኩ፤ ግን አልወጣልኝም። ይኸው እስከ ዛሬ ከሰፈር ለቅሶ አልቀርም፣ ለማላውቀው ሰው እንኳ ደረቴን እመታለሁ። «እትዬ አስቴር ለሰው ስታዝን!» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። ትናንት አንድ የሰፈር ሽማግሌ ሞተው ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ ልጃቸው ትከሻዬን ይዞ፣ «ይበቃዎታል እትዬ፤ አባባ ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት» አለኝ። የኔው ገና ሃያ አምስት እንኳ አልሞላውም ልለው ነበር። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎተትኩና ለቅሶዬን ቀጠልኩ።