አሥራ ዘጠኝ ሰው በአንድ ኮምፒውተር

አለቃችን ከሥልጠና ሲመለሱ «የመረጃ ደኅንነት» የሚል ቃል ይዘው መጡ። ሰቆጣ ካለው ቢሯችን ምን የሚሰረቅ መረጃ እንዳለ የጠየቀ የለም። የኮምፒውተር ባለሙያው እኔ ስለሆንሁ፣ «ሰርቨሩ ላይ ማን እንደሚገባ የሚጠብቅ ነገር አብጅ» ተባልሁ።

ጌትዌይ የሚሉት ሣጥን ኬላ ነው። ከየጠረጴዛው ወደ ሰርቨሩ፣ ማለት ወደ ዋናው ኮምፒውተር፣ የሚሄደው ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። የይለፍ ቃል ይዞ የሚያልፈውን ሰው ስም፣ የመጣበትን ኮምፒውተርና ሰዓቱን እንዲመዘግብ፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲያይም ለአለቃችን እንዲያሳብቅ አዘዝሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ ደረቴ በበር አልገባ አለ።

እኛ ዘንድ ጠዋት ሰርቨሩ ላይ የገባ ሰው ሥራ እንደገባ ይቆጠራል። ችግሩ ቀብር ነው። እዚህ አገር ከሥራ ብትቀር አለቃ ይቆጣል፤ ከቀብር ብትቀር ግን የሟች ዘመድ እስከ ልጅ ልጁ ይቀየምሃል። ለዚህ መላ የነበራቸው ጡረታ ለመውጣት አምስት ወር የቀራቸው የመዝገብ ቤቷ እናት ናቸው። የሁላችንንም የይለፍ ቃል፣ በጸሐፊዋ በኩል ደግሞ የአለቃችንን፣ በቃላቸው ያውቁታል። እግራቸውን ስለሚያማቸው እሳቸው ይቀራሉ። እኛ እንቀብራለን፣ እሳቸው ያስገቡናል።

ኬላው ሥራ በጀመረ በማግስቱ የጥበቃችን እናት ሰቆጣ ዙሪያ አረፉ። ሁላችንም ሄድን። እኔም ሄድሁ።

በነጋታው አለቃችን ወረቀት ይዘው ስብሰባ ጠሩ።

«ትናንት ሁላችንም ቀብር ነበርን። ታዲያ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ኮምፒውተር የገባው አሥራ ዘጠኝ ሰው ማነው? ተጠልፈናል!»

ኮምፒውተሩ የማን እንደሆነ እኔን ጠየቁኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት! ባለሙያነቴ አሸነፈኝና «የመዝገብ ቤቱ ነው» አልሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አለቃችን ከሥራ ስለማሰናበት የሚናገረውን አንቀጽ አነበቡ። አምስት ወር ለቀራቸው ሴት! «ማን አዘዘዎት?» ሲሏቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። የአንዳችንንም ስም አልጠሩም። «እኔንም አስገብተውኛል» ማለት ሲገባኝ፣ ማስታወሻ የምይዝ መስዬ አቀረቀርሁ። አፈርሁ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

አለቃችን መነጽራቸውን አድርገው ስሞቹን ከላይ ጀምረው ሊያነቡ ሲሉ ቆም አሉ። የመጀመሪያው ስም የራሳቸው ነበር። የእሳቸውን መግባትና መቅረት የሚቆጥር ሰው ያለ አይመስላቸውም ነበር። ትናንት ደግሞ ቃሬዛውን ከፊት የተሸከሙት እሳቸው ናቸው፤ አገር አይቷቸዋል። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ስብሰባው ጠላፊዎችን በጽኑ አውግዞ ተበተነ። ኬላውም «ለጥገና» ተነቀለ።

መዝገብ ቤት ሄጄ «ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«ምን በደልኸኝ ልጄ? የተጠየቅኸውን ነው የመለስህ» አሉኝ፣ ከፋይላቸው ቀና ሳይሉ።

ከወር በኋላ ሌላ ቀብር ነበረ፤ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ሄድን። በማግስቱ የመገኘት ዝርዝሩ ተለጠፈ። አሥራ ስምንት ሰው ሥራ ላይ ውሏል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።