ደስ ሲለኝ የሚከዳኝ ጉልበት

እንቅልፍ የጠገብኩበትን ቀን አላስታውስም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔን የሚያውቀኝ ተኝቼ ነዋ። ጫኖ መንደር፣ ሙዝ በምንረከብበት መጋዘን ጥላ ሥር፣ ሚዛኑን ተደግፌ እተኛለሁ። ከምኖርበት ሲቀላ ወደ ሥራ በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ እተኛለሁ፤ ረዳቱ ስለለመደኝ ስደርስ ትከሻዬን ነካ ያደርገኛል። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እተኛለሁ። ሌሊት ደግሞ፣ እንቅልፍ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ዓይኔ ይፈጣል። ወይም ዱካክ ደረቴ ላይ ይወጣና እጅ እግሬን መንቀሳቀስ ከልክሎ ጣሪያ ያሳየኛል። ጠዋት ስነሳ የሰው እርሻ ሳርስ ያደርኩ ነው የምመስለው።

እንቅልፉስ ይሁን። ሰው ቢበዛ ሰነፍ ይለኛል፤ ሰነፍ መባል አይገድልም። የከፋው ሌላ ነው፤ ደስ ሲለኝ ጉልበቴ ይከዳኛል። ለነገር ማሳመሪያ አይደለም የምለው። ከልቤ ስስቅ፣ ወይም የናፈቀኝ ሰው ድንገት ከፊቴ ሲቆም፣ መጀመሪያ አገጬ ይወርዳል፤ ቀጥሎ አንገቴ፣ ቀጥሎ ክንዴ፤ ከዚያ እንደ ባዶ ጆንያ እጥፍ ብዬ መሬት ላይ ነኝ። ራሴን ግን አልስትም። የሚባለውን ሁሉ እየሰማሁ፣ መልስ መስጠት አቅቶኝ፣ ጉልበቴ እስኪመለስልኝ እጠብቃለሁ።

ጫኚዎቹ ይህን የደረሱበት ቀን አለቀልኝ። የሙዝ ዘለላ ትከሻዬ ላይ እስካወጣ ይጠብቁና ቀልድ ይጀምራሉ። ዘለላው መሬት፣ እኔ ዘለላው ላይ። አንደኛው፣ ምላሱ የማያርፈው፣ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምተናል፤ አንተን ግን ሳቁ ራሱ ወሰደህ!» ይለኛል። እሱም ያስቀኛል፤ ለመነሳት ስሞክር እንደገና እወድቃለሁ። ክፋት የላቸውም። ግን ሰለቸኝ። ስለዚህ መሳቅ ተውኩ። ቀልድ ሲጀመር ውሃ ልጠጣ ብዬ እሄዳለሁ፤ መሄጃ ሳጣ ፊቴን እከሰክሳለሁ። ኩሩ ነው ይሉኛል አሉ።

አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ያገኘሁት የነርቭ ሐኪም ነገሩን አስረዳኝ። «አንጎልህ ውስጥ ኦሬክሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሰውን ነቅቶ የሚያቆየው እሱ ነው» አለኝ። «የሚያመርቱት ሕዋሳት ድሮም ብዙ አይደሉም፤ አንተ ጋ አልቀዋል ማለት ይቻላል።» ለምን አለቁ ብዬ ጠየቅሁት። የገዛ ሰውነቴ ተከላካይ በስህተት እንዳጠፋቸው ይገመታል፣ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ግን የለም አለኝ። ጉልበቴንም አብራራልኝ። ሰው ሕልም ሲያይ ተነስቶ እንዳይሮጥ ጡንቻው ይፈታል፤ የእኔ አንጎል ግን ዘበኛ እንደሌለው ግቢ ስለሆነ፣ ነቅቼ ሳለሁ ደስታ ሲመጣ ያው መፈታት ዘው ብሎ ይገባል። የጠፋውን የሚተካ መድኃኒት እዚህ እንደማይገኝ ነግሮኝ ለመንቃት የሚያግዝ ኪኒን አዘዘልኝ። እሱም ፋርማሲ ውስጥ ሲኖር ይኖራል፣ ሳይኖር አይኖርም። ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ስም ያለው በሽታ መሆኑን ሳስብ ደስ አለኝ። ደግነቱ አውቶብስ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ያኔ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሴት ልጅ ወለደችልን።

ልጄን መጀመሪያ የታቀፍኳት አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ግድግዳ ተደግፌ ነው። ተጠንቅቄያለሁ ብዬ ነበር። አስነጠሳት። ይቺን የምታህል አፍንጫ ያን የሚያህል ድምፅ ስታወጣ ሳቄ አመለጠኝ፤ አንገቴ ታጠፈ፤ ጭንቅላቴና ደረቴ ከነክብደታቸው ላይዋ ላይ ተደፉ። ከሥሬ ስትታፈን እሰማታለሁ። ልቅሶዋ እየቀጠነ ሲሄድ እሰማለሁ። ተነሳ፣ ተነሳ እላለሁ በሆዴ፤ የሚታዘዘኝ የለም። ሚስቴ ከጓሮ ሮጣ ገብታ ገፋችኝና ልጅቷን አወጣቻት። ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ አልነካኋትም።

በክርስትናዋ ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከገረሴ ደጋ የወረዱት አማቴ ልጅቷን በነጭ ነጠላ ጠቅልለው «እንካ ልጅህን፣ ተቀበል» አሉኝ በዘመድ ሁሉ ፊት። እጄን ወደ ኋላዬ አደረግሁ።

«ሴት ስለሆነች ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እማማ።»

«እና ምንድነው?»

ሚስቴ በእኔ ፋንታ መለሰች፤ በሽታ ነው፣ ደስ ሲለው ይወድቃል፣ ስለፈራ ነው አለቻቸው። አማቴ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «እኛ አገር ሰው ለቅሶ ላይ ነው የሚወድቅ» አሉ። «ደስ ብሎት የወደቀ ሰው አላየንም። ይሄ ጎሜ ነው፣ የተከለከለ የነካ ላይ የሚመጣ። በአባትህ ቤት ያልተፈቀደ ነገር አድርገሃል፤ ሽማግሌ ፊት ተናገርና ይለቅህ።» ምን አድርጌ እንደሆነ እኔም ፈለግሁ። ያረስኩት የሰው ድንበር የለም፤ የከለከልኩት ውሃ የለም። አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን ደከመኝና ዝም አልኩ። ዝምታዬን ጥፋቴን እንደ ማመን ቆጠሩት። ድግሱን ሳይቀምሱ ወደ ገረሴ ወጡ።

ልጅቷ እኔን ከሩቅ እያየች አደገች። ልጅ ሞኝ አይደለም። ጎረቤት ሲመጣ እየሮጠች እግሩ ላይ ትጠመጠማለች፤ እኔ ከሥራ ስገባ በሩ ጋ ቆማ «እንደምን ዋልክ አባዬ» ትላለች፣ እንደ ትልቅ ሰው። እኔም «ደህና» ብዬ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ፤ አዙሬ ካላለፍኩ መቆም አልችልማ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተኛሁ መስሏቸው እናቷን ስትጠይቃት ሰማሁ።

«አባዬ ይጠላኛል?»

«በጣም ስለሚወድሽ እኮ ነው» አለቻት ሚስቴ። «ሲስቅና ደስ ሲለው ሰውነቱ ይፈታል። ቆሞ ከሆነ ይወድቃል። ከዚያ ይመለሳል።»

ዓይኔን እንደ ጨፈንኩ፣ ይህን እኔ በሷ ዕድሜ ብሆን አምናለሁ ወይ ብዬ አሰብኩ። አላምንም። አማቴ እንኳ፣ ስንቱን ያዩ ሴት፣ አላመኑም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ እሁድ ነው፣ ልጄ ከጎረቤት እየሮጠች መጣችና ፊቴ ስትደርስ ገታ አለች። ወደ ቤት ገባች። ሰሌኑን እየጎተተች አወጣችና ግድግዳው ሥር ዘረጋችው። ተመልሳ ትራስ አመጣች፤ በቀኝ አስቀመጠችው፤ አይታ አይታ ወደ ግራ ቀየረችው።

«አባዬ ቁጭ በል።»

«ለምን?»

«የሚያስቅ ነገር ልነግርህ ነው።»

ቁጭ አልኩ። የጎረቤት ፍየል ትምህርት ቤት ገብታ የመምህሯን ጠመኔ በላች፤ በቃ ነገሩ ይኸው ነው። እሷ ግን ፍየሏ አፏ ነጭ ሆነ የሚለው ላይ ስትደርስ የራሷ ሳቅ አላስጨርስ አላት። ፊቴን ለመከስከስ ሞከርኩና ተውኩት። በስንት ዘመኔ ሳቄን ለቀቅሁት። አገጬ ወረደ፤ አንገቴ ተከተለ፤ ክንዶቼ ሰሌኑ ላይ ወደቁ። እናቷን አልጠራችም። ተንበርክካ ማንጎ ማንጎ በሚሉ እጆቿ አገጬን ከሥር ደገፈችና ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«አይዞህ አባዬ፣ ይዤሃለሁ» አለችኝ።

መልስ ልሰጣት ፈለግሁ፤ ምላሴ ገና አልተመለሰልኝም ነበር።