በፈትል ያቀናናት ላንድሮቨር፦ ከሐይቅ ወደ አምባሰል

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቤንዚን በኩፖን፣ መንገድ በይለፍ ወረቀት። ታናሽ እህቴ ዘሃራ አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በላይ ባለች መንደር አግብታ ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች። የመጀመሪያውን ያጣችው ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ተሸክመው ሲያወርዷት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ለዚህኛው ወሯ ሲገባ፣ ምጥ ሳይጀምራት፣ ለደሴ ሆስፒታል ወደሚቀርበው ወደ እኛ ቤት ወደ ሐይቅ ልናመጣት ቃል ገባን። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ አንዲት ያረጀች ላንድሮቨር ነበረችው። ተስፋችን ሁሉ እሷ ላይ ነው።

ጠዋት፣ ሐይቅ

ላንድሮቨሯ ድንጋይ ከመታች ወዲህ ወደ ግራ ትጎትታለች። የፊት ጎማዎቿ በውስጥ በኩል ተልጠዋል። ወደ ዘሃራ መንደር ሲወጣ ደግሞ ገደሉ በግራ ነው። ደሴ ጋራዥ እንዳንወስዳት ወረፋው አይቀመስም፤ ያለን ቤንዚንም ከአንድ ጉዞ አይተርፍም።

"እዚሁ ግቢያችን እናቅናት" አለ ሰይድ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሽ ተሰማ ጠንካራ ክር ሰጡን። ክሩን ከኋላ ጎማ አስነክተን፣ በጎማው መሃል ቁመት ልክ፣ በመኪናዋ ግራና ቀኝ ወደ ፊት ወጥረን ችካል ላይ አሰርነው። የኋላ ጎማዎች አይዞሩምና እውነቱ ከነሱ ጋር ነው፤ የፊቶቹ ይስማማሉ ወይ ነው ጥያቄው። አልተስማሙም። እንደ ዳክዬ እግር ወደ ውጭ ተከፍተዋል።

ጋሽ ተሰማ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። "ፋጤ፣ ለመኪናዋ ጋቢ ልትሠሪላት ነው?"

"ምን ላርግ ጋሼ፣ ደጋ ነው የምትወጣው፤ ይበርዳታል!"

ሰይድ ከሥር ተኝቶ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ ማሰሪያዎቹን አላልቶ ያዞራል። እኔ ክሩ ላይ ሆኜ እነግረዋለሁ። ጥጥ ስፈትል ያደግኩ ነኝ፤ ክር ሳይገፉ መንካት አውቃለሁ። "ትንሽ ጨምር… ኧረ አለፈ! መልስ!" የጎማው የኋላ ጠርዝ ክሩን ሲነካ የፊት ጠርዙ በስንደዶ ውፍረት ያህል ከክሩ መራቅ አለበት፤ ጎማዎቹ ሲሄዱ እንዲተያዩ። ከጀመርኩት ስፌት አንድ ስንደዶ መዝዤ መለኪያ አደረግኳት። በዞረ ቁጥር መኪናዋን ገፋ መለስ አድርገን፣ ጎማው ቦታውን ሲይዝ እንደገና እንለካለን።

በመጨረሻ ልኩ መጣ። ሰይድ የማሰሪያዎቹን ብሎኖች በጣቱ ያዝ አድርጎ፣ ሊያጠብቃቸው ቁልፉን ሲያነሳ አጎታችን ሸህ ይመር ጎረቤቱን አስከትለው ገቡ። ለመንገደኛ ዱዓ ሊያደርጉ ነው። መዳፋቸውን ዘረጉ። ዱዓ ተጀምሮ ከመኪና ሥር የሚተኛ የወሎ ሰው የለም፤ ሰይድ ቁልፉን ጥሎ ብድግ አለ።

"አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ!"

"አሚን!"

"ሁለት ነፍስ ይዛችሁ ተመለሱ!"

"አሚን!"

ከተመረቁ በኋላ ወደ ኋላ ማለት ደግሞ ደስ አይልም። ክሩን ጠቀለልኩ፣ ስንደዶዋን ሻሼ ላይ ሰካሁ፣ ተነሳን።

ውጫሌ

አስፋልቱ ቢቦረቦርም መኪናዋ ወደ ግራ የምትለውን ነገር ትታለች። ሰይድ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ "እያት፣ እንደ ሙሽራ ስትሄድ!" ይላል። ኬላው ላይ ወታደሩ ይለፋችንን አይቶ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

"ይሄ ሁሉ ክር ምንድን ነው?"

"የመኪናዋ መድኃኒት ነው" አለው ሰይድ።

"እንግዲያው ስትመለሱ የኛንም ታክሙልናላችሁ" ብሎ ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ውጫሌ ሻይ በጮርናቄ ቀመስን። ለዘሃራ በሃምሳ ሳንቲም ስድስት ብርቱካን ገዛሁ።

አቀበቱ

ከውጫሌ ወዲያ የአፈር መንገድ ነው። አምባው ከበላያችን እንደ ግንብ ቆሟል፤ በግራ ገደል፣ ከታች የማሽላ ማሳ። ድንጋዩ እያንቀረቀበን ስንወጣ ሰይድ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። መኪናዋ ወደ ግራ ሳበች፤ ጎማው ያፈናቀለው ጠጠር ቁልቁል ሲንኳኳ ሰማሁ። ፍሬን ያዘ።

"ማሰሪያው!" አለ። "አላጠበቅኩትም፣ ፋጤ። ዱዓው…"

ቀስ እያለ ወደ ኋላ፣ ወደ ደልዳላው ቦታ መለሳት። ብሎኖቹ ላልተው ንዝረቱ ዘንጉን አዙሮታል። እንደገና ክር መዘርጋት ሊኖርብን ነው፤ መሬቱ ግን አለት ነው፣ ችካል አይገባም። ክሩን ይዘን ይህን ስናስብ አንድ ሽማግሌ ሁለት አህያ እየነዱ መጡ።

"መኪናዋን ልታስሯት ነው? ሳትታሰርም አልሄደች!"

"አባባ፣ እህታችንን ልናመጣ ነው። ዘሃራን፣ ነፍሰ ጡሯን።"

ሳቃቸው ጠፋ። "ዛሬ ጠዋት ወገቧን ይዛ አይቻታለሁ። በሉ፣ ምን ልያዝ?"

የክሩን ጫፍ ከበትራቸው ጋር አስሬ በበትሩ እንዲወጥሩት ሰጠኋቸው። አህዮቻቸው ርቀው ቢሄዱም ዞር ብለው አላዩም። ስንደዶዋን ከሻሼ አወጣሁ። ግራውን ለካን፣ ቀኙን ለካን። ሰይድ ዘንጉን ወደ ልኩ መልሶ ብሎኖቹን እስኪያልበው አጠበቀ። ከዚያ ሽማግሌው በራሳቸው እጅ ነክተው "አሁን ተነሱ" አሉን።

መመለሻ

ዘሃራ ጓዟን ቋጥራ ደጅ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ገርጥቷል።

"ቀራችሁ ብዬ ነበር።"

"ስንፈትል ነው የቆየነው" ብላት ሳቀች፤ ያን ጊዜ ነው ልቤ የተመለሰ።

ፍራሽ አንጥፈንላት እጇን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድን። ሰይድ መሪውን ቀለል አድርጎ ይዟል፤ መኪናዋም ወደ የትም አላለች። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሐይቅ ገባን። በዚያው ሳምንት ደሴ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና ሆኑ።

ከዚያ መንገድ የተማርኩት፣ ምርቃት ሥራው እስኪያልቅ ቢጠብቅ እንደማይቀር፣ ሥራም ለምርቃት ተብሎ በጅምር መተው እንደሌለበት ነው። ተራ በተራ ቢጠባበቁ አይጣሉም።

ሸህ ይመር ነገሩን ስንነግራቸው አልተቆጡም፤ አልሳቁምም። ከዚያ ወዲህ ግን ለመንገደኛ ዱዓ ሲጠሩ መጀመሪያ ወደ መኪናው ይሄዳሉ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ያጎነብሳሉ፣ ብሎኑን በጣታቸው ይነቀንቃሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ።