እትዬ ውድነሽን ዝም ያሰኟቸው ጊዜ

እትዬ ውድነሽ ሲጸልዩ ይጮኻሉ። እጃቸውን አንስተው፣ ክፍሉን ከዳር ዳር እየተመላለሱ፣ የዘመድ አዝማዱን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ጌታን ይሞግቱታል። ካልጋሪ፣ ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ልጃቸው ማትያስ ቤት ሳሉ እሱን በየጠዋቱ የሚቀሰቅሰው ስልኩ ሳይሆን የእሳቸው «ጌታ ሆይ!» ነበር። ጩኸቱ በዋዛ የተገኘ አይደለም። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ አፋቸውን ትራስ ውስጥ ይቀብሩ ነበር። ትንሹ ማትያስ «አሜን» ሲል ድምፁን ከፍ ካደረገ መዳፋቸውን አፉ ላይ ይጭኑበታል። «ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል።» ካልጋሪ ሲገቡ ታዲያ «ከእንግዲህ ጌታዬን በሹክሹክታ አላነጋግረውም» አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ።

ከዚያ እርጅናው መጣ። ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ፣ በዚያ ብርድ በነጠላ ጫማ ይወጣሉ። ማትያስ በያጅ ነው። ጊዜው ነዳጅ ተወዶ ክፍለ ሀገሯ አልበርታ ገንዘብ የምትተፋበት ነበርና፣ ሰሜን ነዳጅ ማውጫው ካምፕ ሁለት ሳምንት ገብቶ አንድ ሳምንት ይወጣል። ሚስት የለው፣ እህት የለው። ኦግደን የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ አስገባቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «እናቱን ጣለ» አሉት። ካሙት ሁሉ ግን «እኔ ልያዝልህ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

አንድ ቀን ከካምፕ ሲመለስ ከኤርፖርት በቀጥታ ሄደ። እናቱ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው፣ ምራቃቸው አገጫቸው ላይ ወርዶ አገኛቸው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩት። አላወቁትም።

ነርሷን ጠራ። ሳቂታ ልጅ ናት፤ የምሥራች እንደምትነግር ሁሉ በእንግሊዝኛዋ «አሁንማ በጣም ተሻላቸው! በየጠዋቱ ይጮኹ ነበር እኮ። መድኃኒቱ አረጋጋቸው» አለችው።

ደሙ ፈላ። «ያ ጩኸት እኮ ጸሎት ነው! ማን ፈቀደላችሁ?»

«አንተ።»

ፋይሉን አመጣችለት። ከአሥር ቀን በፊት ካምፕ ሳለ ደውለውለት ነበር። ማሽኑ እየጮኸ፣ አለቃው እያየው፣ «እናትህ ይረበሻሉ፣ ማረጋጊያ እንስጣቸው?» ሲሉት «የስ፣ የስ፣ ጎ አሄድ» ብሎ ዘጋው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቅጹም አለ፤ ያስገባቸው ዕለት አውሮፕላን እንዳያመልጠው እየተጣደፈ የሞላው። ስለ እምነታቸውና ስለ ልማዳቸው ለሚጠይቀው ሙሉ ገጽ የጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ክርስቲያን።

የሚሰድበው ሰው አጣ። ቢሆንም ሰደበ፤ ነርሷን፣ ነዳጁን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች። መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን በቡጢ እየደበደበ «ካድሬ ያቃተውን እኔ ጨረስኩት» አለ።

ሐኪሙ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲቆም አዘዘ። ማትያስ ፈቃድ ጠየቀ፤ ሲከለክሉት ሥራውን ጥሎ ወጣ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያንን ጩኸት መልሶ መስማት። በየጠዋቱ እየመጣ ፊታቸውን ያብሳል፣ ገንፎ ያጎርሳል፣ ይጠብቃል። ነርሷም ጥፋቷ ሳይሆን አፍራ «እዚህ ክፍል የሚሰማው ጸሎት ነው» ብላ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች። ደግነቷ ይብስ አናደደው።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የእናቱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ። ድምፅ ግን የለውም። ማትያስ ተነስቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ጩኺ እማዬ! ቤቱ ሁሉ ይስማ!»

ከንፈራቸው እንደዚያው ይንቀሳቀሳል። ስንት ዓመት ያልጸለየው ሰውዬ በንዴት እጁን አንስቶ ራሱ ጀመረው፤ «ጌታ ሆይ!»

እትዬ ውድነሽ ደነገጡ። ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን አፉ ላይ ጫኑበት። ዓይናቸው ወደ ኮሪደሩ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቀውታል።

«ማትዬ፣ ቀስ በል» አሉት በሹክሹክታ፤ «ጎረቤት ይሰማል።»

ሄዶ በሩን ዘጋላቸው።