አርባ ሞት፣ አንድ እድር

የአሜሪካዋ ኦክላንድ እድር ሊቀመንበር ክንፉ የገዛ ጥላውን መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። በደርግ ጊዜ ጓደኞቹን ያስበላቸው አብሯቸው የሚበላ ጎረቤት ነበርና አይፈረድበትም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1993 ጋሽ ዘርትሁን የሚባሉ ሽማግሌ ከጎረቤቷ ከተማ ከአላሜዳ በአውቶቡስ መጥተው «እድር ልግባ» ሲሉት፣ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው።

ደንቡ አዲስ አባል ሁለት የሚያውቁት ምስክሮች ያምጣ ይላል። እሳቸው አንድም የላቸውም። ሠላሳ አምስት ዓመት አሜሪካ ኖረው የሚያውቃቸው ሐበሻ የለም!

«ታዲያ ምን ሲሠሩ ኖሩ?»

«ቴሌቪዥን ላይ ስሞት።»

ከሰላሌ ለእርሻ ትምህርት መጥተው፣ ትምህርቱን ትተው ሎስ አንጀለስ ፈረስ ጠባቂ ሆኑ። ግልቢያቸውን ያዩ የካውቦይ ድራማ ሠሪዎች ወሰዷቸው፤ ስማቸውንም ቶም አሉት። አንድ ሳምንት የሜክሲኮ ሽፍታ፣ ሌላ ሳምንት ቀይ ሕንድ እየሆኑ፣ ከሁለተኛው ማስታወቂያ በፊት ይገደላሉ። አርባ ጊዜ ሞቱ። የካውቦይ ወረት ሲያልፍ የሆቴል በር ከፋች ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጡ። አሁን ልባቸው ታሟል፤ የሚቀብራቸው ዘመድ የለም።

ክንፉ አንዲቱንም አላመነም። «ይሄ ሰውዬ የደርግ ጆሮ ጠቢ ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍበት እኛ ውስጥ ሊደበቅ ነው» ብሎ ለአባላቱ ነገረ። ወሬ ክንፍ አለው፤ በሁለተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ።

ጋሽ ዘርትሁን ግን የቪዲዮ ካሴት ይዘው ክንፉ ቤት መጡ። ሚስቱ አይናዲስ «ይግቡ ጋሼ» ብላ ወንበር ሰጠቻቸው።

ካሴቱ ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ድራማ ጋሽ ዘርትሁን ከፈረስ ወደቁ። በሁለተኛው ከጣሪያ።

«ይሄ ፕሩፍ አይሆንም» አለ ክንፉ። «ፌሱ ክሊር አይደለም፤ የሚመስል ሰው ደግሞ ሞልቷል።»

«ትንሽ ታገሠኝ» አሉ።

በሦስተኛው ላባ ሰክተው፣ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ደረታቸውን ይዘው ተንበረከኩ። የቀይ ሕንዶቹን ቋንቋ የሚያውቅ ስላልነበረ ዳይሬክተሩ «የራስህን አውራ» ብሏቸው ኖሯል። ቴሌቪዥኑ በጠራ አማርኛ ጮኸ፦

«የተሰማ ልጅ ዘርትሁን ነኝ! የአገሬ ሰው ካለህ ሬሳዬን አንሣ!»

አይናዲስ አፏን ያዘች። ክንፉ ካሴቱን አጠንጥኖ ደግሞ ሰማ። የሚጠረጥረው ነገር ፈልጎ አጣ። ጆሮው እስኪግል አፈረ።

«ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ሠላሳ ሦስት። ቴሌቪዥን የሚያይ አንድ ሐበሻ አይጠፋም፣ ይፈልገኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም።»

ክንፉ የእድሩን የአባልነት ቅጽ አውጥቶ በምስክሮቹ ቦታ የራሱንና የአይናዲስን ስም ጻፈ።

«ክንፉ፣ አታውቀኝም እኮ» አሉ ጋሽ ዘርትሁን።

«ሰማሁዎት እኮ፣ ጋሼ።»